ለረጅም ሰዓት የሚመች፣ የሰውን ንግግር አጥርቶ የሚያሰማ ሄድፎን እንዴት ይመረጣል?

ቃል_ለቃል (ሐዋሳ)
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን ሥራዬ ለጥናት የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን እያዳመጥሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ከቅጂዎቹ ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በሲዳምኛ ነው፤ አብዛኞቹ በሰው ግቢ ውስጥ ወይም በመንገድ ዳር በእጅ ስልክ የተቀዱ ስለሆኑ ከተናጋሪው ጀርባ የባጃጅ ጩኸት ወይም ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አይጠፋም። በቀን 6 ሰዓት ያህል፣ በሳምንት 6 ቀን ሄድፎን ከራሴ ላይ አይወርድም።

እስካሁን ሁለት ገዝቼ በሁለቱም አልተደሰትሁም። የመጀመሪያው ጆሮ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ዓይነት ነበር። መነጽር ስለማደርግ ጆሮዬን ከመነጽሩ ዘንግ ጋር አጣብቆ ይጫነኝ ነበርና ከ40 ደቂቃ በኋላ ሕመሙ እስከ ግንባሬ ይደርስ ነበር። ሁለተኛው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ነው፤ ራስ ላይ ይቀላል፤ ነገር ግን ቆዳ መሰል ሽፋኑ ዓመት ሳይሞላው መላላጥ ጀምሮ በዚህ በየካቲት ሙቀት ላብ ሲነካው ጥቁር ቅርፊቱ ጉንጬ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ድምፁ ነው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እጅግ የበዛ በመሆኑ ዘፈን ሲሰሙበት ደስ ይላል፤ ተናጋሪው ‹‹ሰውየው መጣ›› ይበል ‹‹ሰውየው መታ›› ለመለየት ግን ሦስት አራት ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስሁ መስማት ግድ ይሆንብኛል። ‹‹ቀበረ›› እና ‹‹ከበረ››ም እንደዚያው ያስቸግሩኛል። በሲዳምኛ ደግሞ የተናባቢው መጥበቅና የአናባቢው መርዘም በጽሕፈቱ ውስጥ ፊደሉን በመድገም ስለሚታይ፣ በቅጡ ያልሰማሁት ድምፅ ወረቀቱ ላይ ስሕተት ሆኖ ይቀራል። የሰው ቃል አደራ ነውና በግምት መጻፍ አልወድም።

እናንተ ሄድፎን ስትመርጡ በመጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ባለገመድ ይሻላል ወይስ ብሉቱዝ? የምሠራው በላፕቶፕ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ማራገቢያ ይዞራል፤ የሁለት ትንንሽ ልጆች እናትም ስለሆንሁ ቤቴ ጸጥ ያለ ነው ለማለት አልችልም።

ስቱዲዮ_አዳማ (አዳማ)
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ ችግሩን በዝርዝር ስላስረዱ መልሱም ይቀላል። አዳማ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ድምፅ ስቀዳና ሳስተካክል 11 ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ከምንም በላይ የተረዳሁት ምቾትና የድምፅ ጥራት ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይችሉ ነው። ጆሮን በሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ በሆነ ሄድፎን ውስጥ ቤዙ በልኩ የሚሰማው ትራሱ (ጆሮን የሚከበው ለስላሳ ክፍል) ዙሪያውን ከቆዳ ጋር ገጥሞ አየር ሳያስወጣ ሲቀመጥ ነው። የመነጽር ዘንግ በትራሱ ሥር ሲያልፍ ክፍተት ይተዋል፤ በዚያ ክፍተት ቤዙ ይወጣል፣ የማራገቢያውና የልጆቹ ድምፅም ይገባል፤ ሰሚውም ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ እያደረገ ይሄድና ጆሮው ይደክማል። ስለዚህ እኔ በመጀመሪያ የማየው ትራሱን ነው። ዘንጉን ውጦ መያዝ የሚችል፣ ለስላሳና ጥልቅ መሆን አለበት። ለጆሮ በቂ ስፋት ስለመኖሩም ይመልከቱ፤ የጆሮዎ ጫፍ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ከተነካካ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳምምዎታል።

ወደ ንግግሩ ስንመጣ፣ ‹‹ጠ››ን ከ‹‹ተ››፣ ‹‹ቀ››ን ከ‹‹ከ›› የሚለየው ተናባቢው ሲፈነዳና ቀጥሎ ያለው አናባቢ እስኪጀምር ባለችው እጅግ አጭር ጊዜ ውስጥ የሚሰማው ነገር ነው። ተናባቢዎችን ለይተን የምናውቅበት ድምፅ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በላይ ነው፤ ቤዝ ሲበዛ ደግሞ ከበላዩ ያለውን ድምፅ ይጋርደዋል። አሁን ያለዎት ሄድፎን ‹‹መጣ››ን ከ‹‹መታ›› ያደባለቀብዎ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልገው ቤዙ ልከኛ የሆነ፣ መካከለኛው ድምፅ የማይሸፈንበት ሄድፎን ነው። የስልክ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰማበት) ስለሆነ፣ ‹‹ድምፁ ሰፊ መድረክ ላይ እንዳለ ያሰማል›› እየተባለ ለሚሸጥ ዕቃ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለእርስዎ አይጠቅምም።

ራሴ የተጠቀምሁባቸውን ልጥቀስ። ሶኒ ኤምዲአር-7506 እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ቢሆንም እስከ ዛሬ በብዙ ስቱዲዮ ይሠራበታል፤ ክብደቱ 230 ግራም ያህል ነው፤ ንግግርን አጉልቶ ያሰማል፤ ትራሱ ግን ስስ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 285 ግራም ይመዝናል፤ ቤዙ ከሶኒው ይበዛል፣ አያያዙም ጠበቅ ይላል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ 270 ግራም ነው፤ ትራሱ ከፋይ በመሰለ ጨርቅ የተሸፈነ ስለሆነ ከመነጽር ጋር ይስማማል። ይህ ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ተሠርቶ ይሸጣል፤ ኦሙ በጨመረ ቁጥር ከላፕቶፕ በቂ ድምፅ ማግኘት እየከበደ ስለሚሄድ 250ውን አይውሰዱ።

ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ከሁሉ ይልቅ ጆሮን እንደሚያናፍስ አልክድም። ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414ን ካወጣ ጀምሮ ይህ ዓይነት ብዙ ወዳጅ አለው፤ እኔም ማታ ቤቴ ሆኜ የማዳምጠው በክፍት ነው። ነገር ግን ክፍት ሄድፎን የውጭውን ሁሉ ያስገባል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ለሚሠራ የመገልበጥ ሥራ አልመክረውም።

ጉዞ_በሌሊት (ሐዋሳ)
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

በበኩሌ ብሉቱዝ ያለውንና ጫጫታ የሚቀንሰውን እመክራለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ለሥራ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ ሶኒ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም4 ከገዛሁ ወዲህ የአውቶቡሱ ሞተር ጉርምርምታ ከጆሮዬ ርቋል፤ ድካሜም በግማሽ ቀንሷል ብል ማጋነን አይሆንም። ክብደቱ 254 ግራም ስለሆነ እስክደርስ ድረስ ራሴ ላይ መኖሩን እረሳዋለሁ። ማራገቢያ በሚዞርበት ክፍል ውስጥ ለምትሠራ እህታችን ከዚህ የተሻለ ምን ሊገኝ ይችላል? ገመድ ከወንበር ጋር ሲጠላለፍ መዋሉም ይቀራል።

ስቱዲዮ_አዳማ (አዳማ)
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ለጉዞ የመረጡት ትክክለኛ ዕቃ ነው። ከዚህ ሐሳብ መነሻዎች አንዱም ጉዞ ነበር፤ የቦዝ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ሲመለሱ በአውሮፕላኑ ሞተር ጩኸት ምክንያት የተሰጣቸውን ሄድፎን በቅጡ መስማት ስላቃታቸው፣ ጩኸትን በተቃራኒ ሞገድ ስለ ማጥፋት እዚያው ተቀምጠው ማስላት ጀመሩ። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማይክሮፎኑ የውጭውን ድምፅ ይቀበላል፤ መሣሪያው የእርሱን ግልባጭ ሞገድ ያወጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ይህ በደንብ የሚሳካው እንደ ሞተር፣ እንደ ጄኔሬተርና እንደ ማራገቢያ ባለ ዝቅተኛና ሳይቋረጥ በሚቀጥል ድምፅ ላይ ነው። የሕፃን ልቅሶን፣ የጎረቤት ጨዋታንና ድንገተኛ ጡሩምባን በዚያው መጠን አያጠፋም። አንድ ነገር ደግሞ ሊታወቅ ይገባል፤ በቅጂው ውስጥ ያለውን የባጃጅ ድምፅ ማንኛውም ሄድፎን አያወጣውም፤ መሣሪያው የሚቀንሰው ሰሚው ባለበት ክፍል ያለውን ብቻ ነው።

ለመገልበጥ ሥራ ብሉቱዝን የምፈራው በሌላ ምክንያት ነው። ገልባጭ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እንደገና ያስጀምራል። ብዙ የብሉቱዝ ሄድፎን ድምፅ ሲቆም ወደ ዕረፍት ይገባና ሲጀመር ለመንቃት ጥቂት ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት የቃሉ መጀመሪያ ይዋጣል። በአማርኛ ‹‹አልመጣም›› እና ‹‹መጣ›› የሚለያዩበት ነገር በከፊል ያለው በቃሉ መጀመሪያ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማይክሮፎኑም ተከፍቶ ከሆነ ብዙዎቹ ወደ ስልክ ንግግር አሠራር ስለሚገቡ የሚሰማው ድምፅ በጣም ይጠባል። ለዚህ ሥራ ገመድ ይሻላል።

ጠጋኙ (ሐዋሳ)
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቶቴ አካባቢ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እጠግናለሁ፤ ሄድፎን በየሳምንቱ ይመጣልኛል፤ ስለዚህ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያየው የሚገባውን ከብልሽቱ በኩል ልናገር።

ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ገመዱ ከጃኩ (ከመሰኪያው) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ በመታጠፍ ብዛት ይበጠስና አንዱ ጆሮ ጠፋ፣ መጣ ይላል። ገመዱ የሚነቀል ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል፤ የማይነቀል ከሆነ እኔ ዘንድ መምጣቱ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ሶኒ 7506 እና ዲቲ 770 ገመዳቸው አይነቀልም፤ የዲቲ 770 ትራስ ግን በእጅ ወጥቶ በሌላ ይተካል። ሁለተኛው ብልሽት የማጠፊያው ፕላስቲክ መሰንጠቅ ነው። ሦስተኛው እህታችን የደረሰባት የሽፋን መላላጥ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ ከሙቀት፣ ከላብና ከእርጥበት ጋር ሲቆይ ተሰነጣጥቆ ይላላጣል፤ ሐዋሳ ውስጥ ይህ የማይቀር ነው ብዬ ስለማምን ለከተማችን ሰው ሁልጊዜ የጨርቅ ሽፋን እመርጣለሁ። የጨርቅ ሽፋን ጫጫታ በመከላከል ከቆዳው ትንሽ ይደክማል፤ ለቆዳ ግን ምሕረት ነው።

ስለ ፌክ ዕቃ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የታወቀ ስም የተጻፈበት ኮፒ በየሱቁ አለ፤ በመልኩ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት ሞኖ ቅጂ በስልኬ ይዤ እሄዳለሁ። ሄድፎኑን አድርጌ ስሰማው ድምፁ ከራሴ መሐል መምጣት አለበት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካጋደለ፣ ወይም መሐሉ ደብዝዞ ወደ ሁለቱ ጎን ከተበተነ፣ ሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች አልተመጣጠኑም ማለት ነው። ቀጥሎ ግራና ቀኙን ገልብጬ አደርገዋለሁ፤ ማጋደሉ አብሮ ከተገለበጠ ጥፋቱ የሄድፎኑ ነው፤ እንደነበረ ከቀረ ግን ከስልኩ ወይም ከራሴ ጆሮ ነው። ሻጩ ይህን ለማድረግ ካልፈቀደልኝ አልገዛውም።

በገና_ወዳጅ (ሐዋሳ)
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ እኔ የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት የለኝም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ከመውረዴ በፊት በገና አዳምጣለሁ፤ ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ስለቀረው አሁንማ ጊዜዬን የማሳልፈው በእርሱ ነው። ሄድፎን የምመዝነው በዚሁ ነውና ምናልባት ይጠቅምሽ እንደሆነ ልንገርሽ።

በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ብርኩማው (አውታሮቹን የሚደግፈው እንጨት) ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባለት ሲመታ ንዝረቱ ይነዝራል፣ ያጉረመርማል። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይሰማል ማለት ነው፦ የወፍራሙ አውታር ጥልቀት፣ የቆዳው ንዝረትና ደርዳሪው ዝቅ አድርጎ የሚያዜመው ቃል። ቤዝ የበዛበት ሄድፎን ላይ ጥልቀቱ ሁሉን ይውጠዋል፤ የደርዳሪው ቃል ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ቀጭኑ ድምፅ የበዛበት ላይ ደግሞ ንዝረቱ እንደ ትንኝ ይሆንና ጆሮ ይወጋል። ሦስቱም ሳይገፋፉ፣ እያንዳንዱ በቦታው ሆኖ የሚሰማበትን ሄድፎን ካገኘሽ ግን የሰው ንግግርም በእርሱ እንደሚጠራልሽ አልጠራጠርም። በሱቅ ውስጥ የሚያሰሙሽን የጭፈራ ዘፈን ተቀብለሽ አትፍረጂ፤ የምታውቂውን፣ ደጋግመሽ የሰማሽውን ይዘሽ ሂጂ።

ቃል_ለቃል (ሐዋሳ)
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉኝ አንድ የበገና ቅጂና አንድ የራሴን አስቸጋሪ ቃለ መጠይቅ ይዤ እሞክራለሁ። ዲቲ 770 ባለ80 ኦሙን ከአጎቴ ልጅ፣ ኤም50ኤክስን ደግሞ ከሥራ ባልደረባዬ ለጥቂት ቀን ተውሻለሁ። ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አድርጎ መፍረድ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ስላሳሳተኝ፣ እያንዳንዱን ቢያንስ አንድ ሰዓት ከመነጽሬ ጋር አድርጌ እሠራበታለሁ።

ጆሮ_ጠባቂ (አዳማ)
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ውይይት ውስጥ ያልተነሳ አንድ ነገር ስላለ ነው የገባሁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው የማዳመጥ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ነው፤ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ የሚቀበለው ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። እህታችን በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ትሠራለች፤ ይህም 36 ሰዓት ስለሆነ በ80 ዴሲቤል እንኳ ልኩን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ስቱዲዮ_አዳማ ስለ ትራሱ የጻፉት ጉዳይ ለጆሮ ጤናም ወሳኝ ነው፤ የውጭ ጫጫታ ካልገባ ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ የድምፁን መጠን አንድ ቦታ ላይ ያድርጉና ማታ ከዚያ አልፎ ከተገኘ ጆሮዎ ደክሟል፤ በዚያን ጊዜ ያርፉ እንጂ አይጨምሩ። ከሥራ በኋላ ጆሮዎ ውስጥ እሪታ የሚመስል ድምፅ ከቀረም ችላ አይበሉት።

ቃል_ለቃል (ሐዋሳ)
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁለቱንም ሞክሬ ተመልሻለሁ። ኤም50ኤክስ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ልቤን ወስዶት ነበር፤ የበገናው ጥልቀት ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ሰዓት እየገፋ ሲሄድ ግን አጠባበቁ የመነጽሬን ዘንግ ከጆሮዬ ጀርባ ተጫነው፤ ሽፋኑ ሥርም ላብ አበዛብኝ። ለሌላ ራስና መነጽር ለማያደርግ ሰው ጥሩ ዕቃ እንደሆነ አምናለሁ። በዲቲ 770 ላይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያስተዋልሁት ሰዓቱ ማለፉን ብቻ ነው። ‹‹መጣ›› እና ‹‹መታ›› በመጀመሪያው መስማት ተለዩልኝ። የከበደኝ ሁለት ነገር አለ፤ ‹‹ሰ›› እና ‹‹ሸ›› ሲነገሩ ድምፃቸው ስለት አለው፣ ማታ ማታ ያደክመኛል። አያያዙም ለእኔ ትንሽ ጠበቅ ይላል። መፍትሔ ይኖረው ይሆን?

ስቱዲዮ_አዳማ (አዳማ)
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለቱን በትክክል ሰምተውታል፤ ዲቲ 770 በ8,000 ኸርዝ አካባቢ ከፍ ይላል። በላፕቶፕዎ ላይ ማመጣጠኛ (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን የሚያስተካክል ፕሮግራም) ካለ በዚያ አካባቢ 3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንሱ፤ ከዚያ በላይ ከቀነሱ ግን ‹‹ጸ›› እና ‹‹ሰ›› መደባለቅ ይጀምራሉ።

ስለ አያያዙ፣ የራስ ማሰሪያው ውስጥ ያለው ብረት ስለሆነ ማታ ማታ ከራስዎ ስፋት ጥቂት በሚበልጥ የመጽሐፍ ቁልል ላይ ያሳድሩት፤ በየጠዋቱ እየሞከሩ ምቾት ሲሰማዎ ያቁሙ። ከልክ በላይ ከላላ ትራሱ ቆዳን መግጠሙ ይቀርና ከመጀመሪያው የፈራነው ክፍተት ተመልሶ ይመጣል። ማሰሪያው ፕላስቲክ በሆነ ሄድፎን ላይ ይህን ማንም እንዳይሞክር፤ ይሰነጠቃል። ለ100 ሰዓት ሙዚቃ ካጫወታችሁበት ድምፁ ይስተካከላል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ በእኔ ልምድ በጊዜ ብዛት የሚለወጠው የትራሱ መለስለስና የሰሚው ጆሮ መልመድ ነው፤ ስለዚህ ያልወደዱትን ድምፅ ይሻሻላል ብለው አይግዙ።

ቃል_ለቃል (ሐዋሳ)
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያገለገለ ዲቲ 770፣ ባለ80 ኦም፣ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ጠጋኙ ባስተማሩን መንገድ የሞኖ ቅጂ አሰምቼ ገልብጬም ሞክሬ ነው የከፈልሁት። ሦስት ሌሊት መጽሐፍ ላይ አሳድሬው አያያዙ ለሰለሰ። ባለፈው ዓመት ‹‹አይሰማም›› ብዬ 9 ቦታ ክፍት የተውሁበት አንድ የሲዳምኛ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤ ዛሬ እንደገና ሰምቼው አምስቱን ሞላሁ። አራቱ ባጃጁ በድምፁ ላይ ያለፈባቸው ስለሆኑ እንደ ነበሩ ቀርተዋል።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ገመዱ 3 ሜትር ስለሆነ ወለሉ ላይ ይንከባለላል፤ ልጆቹ እንዳይረግጡት ምን ላድርግ? የጨርቁን ትራስስ እንዴት ላጽዳው?

ጠጋኙ (ሐዋሳ)
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሚያስፈልግሽን 1 ሜትር ተኩል ያህል ትተሽ ቀሪውን ሰፋ አድርገሽ በክብ ጠቅልይውና በጨርቅ ማሰሪያ ከጠረጴዛው እግር ጋር እሰሪው፤ አጥብቀሽ አትጠፊው፣ የሚበጠሰው በዚያ ነው። ትራሱን ከጠርዙ በጣትሽ እየለቀቅሽ አውጪ፤ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና በእጅሽ ጫን ጫን እያደረግሽ እጠቢ፤ አትጠምዝዢው። ከዚያ በፎጣ ውኃውን አስመጥጪና ጥላ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ አታስጪው። ውስጡ ሳይደርቅ ከመለስሽው እርጥበቱ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። በዚህ ሙቀት በወር አንድ ጊዜ በቂ ነው። አሮጌውን የሚላላጠውን ሄድፎን አትጣይው፤ ልኩን አይቼ የጨርቅ ሽፋን ከተገኘለት ለሌላ ሰው ያገለግላል፤ ሱቅ ይዘሽው ነይ።